ሰባት ጥቁር ቋጠሮ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ የጨንቻ ጉም ከቀርከሃው ላይ ሳይነሣ፣ የዶርዜው ሸማኔ ዳና እጁን የኋሊት ታስሮ በፊታውራሪ ሽበሺ ችሎት ቆመ። በወልወል ደም ከፈሰሰ አምስት ወር አልፎ ነበር፤ ጣልያን በምጽዋ ወደብ ሠራዊቱን ያራግፋል፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጄኔቭ ላይ ቀጠሮ በቀጠሮ ይተካል። የጨንቻ ሹማምንት ግን ከጣልያን ይልቅ የፈሩት የገዛ ገባራቸውን ነበር፤ ሲያስጨንቁት የኖሩትን ሰው ጠላት በሁለት መልካም ቃል እንደሚወስድባቸው ልባቸው ያውቀዋልና።

የኬላው ሹም ባላምባራስ ገነነ አንድ ነጭ ክር ከፍ አድርገው አሳዩ፤ በጥላሸት የጠቆረ ሰባት ቋጠሮ ነበረበት።

«ጌታዬ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከመቀነቱ ያገኘሁበት ነው። በግምጃ ቤታችን ያለው መትረየስ ሰባት፤ ቋጠሮውም ሰባት! ለጣልያን ቆጥሮ ሊያቀብል ነው።»

ፊታውራሪው ክሩን ተቀበሉ። «ዳና፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የጥለት ልክ ነው፣ ጌታዬ። እኛ ሸማኔዎች አንጽፍም፤ ሰው ያዘዘውን በክር ቋጥረን ነው የምንይዝ። ሰባት መስመር ጥቁር ማለት ነው። ጥቁር ፈትል እዚህ የለም፤ ልገዛ ነበር የምሄድ።»

«ያዘዘህን ሰው ጥራና ወደ ቤትህ ግባ።»

ዳና አንገቱን ደፋ። «እንዳልናገር ምያለሁ። መሐላ ከበላሁ ጎሜ ነው፤ እርግማኑ በልጆቼ ይደርሳል።»

ባላምባራስ ሳቁ። ፊታውራሪው አልሳቁም፤ በገበያው ፊት አርባ ጅራፍ ተገርፎ በሰንሰለት ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ ፈረዱ። ሰላይ ነው ተብሎ ለተላከ ሰው እዚያ የሚጠብቀው ገመድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ያን ጊዜ ከመጋረጃው ኋላ የፊታውራሪው ባለቤት ወይዘሮ ሙሉዬ ወጡ፤ ችሎቱ በሙሉ ብድግ አለ።

«ያዘዝሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ያስማልሁትም እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ጥቁር ጥለት ምን ሊሆንሽ?»

«ለሐዘን። ነጋሪት ሲጎሰም እርስዎ ከፊት ነው የሚሰለፉት። አባቴም ወንድሜም ከፊት ተሰልፈው አልተመለሱም። በዚያ ቀን የሰው ነጠላ ተውሼ ላለቅስልዎ አልፈቀድሁም።»

ባል በሕይወት ሳለ የሐዘን ልብስ ማሠራት ሟርት ነው፤ ሹማምንቱ አማተቡ። ፊታውራሪው ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ጦርነቱ አይቀርም ብሎ ጄኔቭ ያልደፈረውን ሚስታቸው ተናግረው ጨርሰዋል።

«ፍቱት» አሉ በመጨረሻ። ክሩንም ለዳና መለሱለት። «ፈትሉን ገዝተህ ና። ስትሠራው ግን አትቸኩል።»

ዳና አልቸኮለም፤ ነጠላው ያለቀው የክተት ነጋሪት በተመታ ሰሞን ነው። በማግስቱ እሱም የፊታውራሪውን ስንቅ ተሸክሞ ወደ ኦጋዴን ወረደ።

ያ ችሎት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀር የሁለቱም መርዶ በአንድ ጧት ጨንቻ ደረሰ። ጊዜው ካለፈ በኋላ የዘመቻውን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ፊታውራሪ ሽበሺን በአንድ መስመር አነሡአቸው፤ ስንቅ ተሸካሚውን የጠየቀም የለ። ወይዘሮ ሙሉዬ ግን በዚያ ጧት ነጠላውን መሃል ለመሃል ቀድደው፣ በእግራቸው ዶርዜ ወርደው፣ ግማሹን ለዳና ሚስት አለበሱ።