ቲክ የምትለው ነገር

«የት አደረግሽው?» አስመረት ጮኸች።

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለች እናቷ ትርሓስ።

«ይስማ! ታይመሬን የት አደረግሽው?»

ትርሓስ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ወደ ጓሮ አመለከተች። ጓሮ ያለው የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ብቻ ነው።

አስመረት ደሟ ፈላ። ያቺን ታይመር ለመሥራት ክረምቱን ሙሉ ጣቷን በብየዳ ስታቃጥል ከርማለች። አልጋዋ ሥር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ከሾላ ገበያ እስከ ቦሌ አንዱ እንዳይሰበርባት እየተሳቀቀች በእግሯ ያመጣቻቸው እንቁላሎች አሉ። አምፖል ያሞቃቸዋል። ከተሰበረ ቴፕ የወጣች ሞተር ደግሞ ትንሽ ማራገቢያ ታዞራለች። ማራገቢያዋ ሳታርፍ ከዞረች እንቁላሎቹ ይበርዳሉ፤ ጭራሽ ካልዞረች ይበስላሉ። ታይመሯ ነበረች ሞተሯን ጥቂት አስነስታ ጥቂት የምታሳርፋት። ቁልፏ ወደ ቀኝ ሲዞር ዕረፍቱ ይረዝማል፣ ወደ ግራ ሲዞር ያጥራል። ሞተሯ በተነሣችና ባረፈች ቁጥር ታይመሯ «ቲክ» ትላለች።

«ዛሬ ነገ ይፈለፈላሉ እኮ! ልትገድያቸው ነው?»

«ይሙቱ! ሽቦ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ቲክ የሚል ነገር! ማታ የላይኛው ሰፈር ተፈትሿል። ፈታሾቹ እኛ ቤት ገብተው ‹ቦምብ ነው› ሲሉ ‹ጫጩት ነው› ልትያቸው ነው? አጎትሽን በምን ሰበብ ወሰዱት? በጽሕፈት መኪና! የሥራ ማመልከቻ ነው የምጽፍበት ቢል ማን ሰማው?»

«ሁሌ እሱ! እሱ ከተወሰደ እኛም አብረን እንቀበር?»

ትርሓስ በጥፊ እንደተመታ ሰው ፊቷን አዞረች።

አስመረት ሳጥኑን ስትከፍት ወላፈኑ ፊቷን መታት። አንዱ እንቁላል ተሰንጥቋል፤ ከውስጡ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ፈጥና የሞተሯን ሽቦ ከባትሪው አገናኘች። ማራገቢያዋ ዞረች። ሽቦውን ለቀቀች። ቆመች። እንደገና አገናኘች።

«አስሙ!» የጎረቤት ልጅ መኪያ ከአጥሩ ውጭ ተጣራች። «አቦ፣ ነይ እንጂ! ፈተናው ሊያልፈን ነው!»

አስመረት ሽቦውን እንደያዘች ቀረች። ከሄደች ጫጩቶቹ ሊሞቱ ነው። ካልሄደች ደግሞ ፈተናው አለፈ።

«ሽቦው መቼ እንደሚገናኝ በምን ይታወቃል?» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

«ታይመሬ ነበረች የምታውቀው!»

ትርሓስ ጉልበቷን ይዛ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። «አምጪው፣ ጓለይ፣ ልጄ። አንድ አባታችን ሆይ እስክደግም ትዙር፣ ሦስቴ እስክደግም ትረፍ። እንቁላል ስቀቅልስ እንዲሁ አይደል?»

«ሙቀቱ ከበዛስ?»

«እጄን አስገብቼ አያለሁ። ከበዛ ዕረፍቷን ሁለቴ አደርገዋለሁ።»

አስመረት ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። ንዴቷ ገና አልበረደም። ሽቦውን በእናቷ እጅ ላይ አኖረችና ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች።

«ሌላ እሠራለሁ» አለች ሳትዞር። «ክዳኗን መስታወት አደርገዋለሁ። ሊፈትሽ የገባ ሁሉ ውስጧን ይይ።»

ትርሓስ ጸሎቱ መሐል ላይ ናት።

«አስመረት!» መኪያ አጥሩን ደበደበች።

አስመረት አልወጣችም። ጸሎቱ አልቆ ማራገቢያዋ እስክትቆም ጠበቀች፤ ከዚያ ሮጠች።