ያልመጣው ዝናብ

በዚያ ዓመት የጁባ ሙቀት ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ ከጥላ ጥላ ያንከራትት ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ጁባ-ና-ባሪ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ውሾቹ ሳይቀሩ መጮህ ትተው ከውኃ ታንከር ሥር ተዘርረው ይውላሉ። ማናህሎሽ ግን ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። ጓሮው ውስጥ በረጃጅም እግሮች የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ነፋስ እንዲያልፍበት ጎኖቹ በስስ ጣውላ ተረብርበዋል። በሩን ከፍታ ቴርሞሜትሩን ታያለች፤ ባሮሜትሩን ታያለች፤ ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን ታያለች።

«አርባ ሁለት» ትላለች። የምትነግረው ሰው ግን የለም።

ማናህሎሽ የዲላ ልጅ ናት። ፋርማሲስት ስትሆን፣ ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ የአንድ የውጭ ድርጅት መድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ሆና ነው ጁባ የመጣችው። ሙቀት መለካት የጀመረችው ክትባቱ እንዳይበላሽባት ብላ ነበር። ልማዱ ቀስ በቀስ ተከትሏት ቤት ገባ። ካስተም ከሚባለው ገበያ አናጺ ፈልጋ ሳጥኑን አሠራች፤ የዝናብ መለኪያውን ከአዲስ አበባ አስመጣች። ባልደረቦቿ «ሜትዮሮሎጂ መጣች» እያሉ ሲስቁባት አብራቸው ትስቃለች። ለማንም ያልነገረችው ነገር ቢኖር፣ ያ ሳጥን ባይኖር ኖሮ ከቢሮ ወደ ቤት የምትመለስበት ምክንያት እንደሚጠፋባት ነው።

የመጀመሪያው ማዕበል አመሻሽ ላይ መጣ። መጀመሪያ ነፋሱ ቀይ አቧራ እንደ ግድግዳ አቁሞ እየገፋ ገባ፤ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ተንጫጫ፤ ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ማናህሎሽ በመስኮት እያየች እንደ ሕፃን ደስ አላት። ጠዋት ስትወጣ ግን ሳጥኑ ከቦታው የለም።

የግቢው በር ተንኳኳ። አንድ ረጅም ጠይም ሰው ሳጥኑን እንደ በግ ግልገል ታቅፎ ቆሟል።

«ሰላም ታኪ» አላት በጁባ አረብኛ። ፊቷን አየት አደረገና ወደ አማርኛ ዞረ። «ይቅርታ፣ ይህ የንብ ቀፎ የእርስዎ ነው?»

ማናህሎሽ አማርኛውን ስትሰማ ደነገጠች፤ ቀፎ መባሉን ስታስብ ደግሞ ሳቋ አመለጣት። «ቀፎ አይደለም። የአየር ሁኔታ መለኪያ ነው።»

«እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ንቦቹ እንዳይወጡ ብዬ በብርድ ልብስ ጠቅልዬው ነው ያደርኩት!»

ሉቃስ ይባላል። የቦር ከተማ ልጅ ቢሆንም ያደገው ጋምቤላ ነው፤ የተማረው አዲስ አበባ። አሁን ለአንድ የግንባታ ድርጅት የመንገድ ቀያሽ ሆኖ ይሠራል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ክፍል ከተከራየ ገና ወሩ ነው።

«ስምሽስ?» አለ፤ «እርስዎ» ማለቱን ረስቶታል።

«ማናህሎሽ።»

«ማን አህሎሽ» ብሎ ስሟን ከፍሎ ጠራው። መልስ እንደሚጠበቅበት ሰው ዙሪያውን አየት አደረገና፣ «እስካሁን ማንንም አላየሁም» አለ።

በዚያው ቅዳሜ ምስማርና መዶሻ ይዞ መጥቶ የሳጥኑን እግሮች በሲሚንቶ ተከለላት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ከአጥሩ በላይ አንገቱን ያሰግጋል።

«ዛሬስ ምን አለ ሰማዩ?»

«ከሰዓት በኋላ ይዘንባል።»

«እንግዲያው ዛሬ የመንገዱን አፈር አናነሳም።»

አንዳንዴ ይዘንባል፤ አንዳንዴ ያመልጣታል። ሲያመልጣት ማታ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ይስቃሉ። ቀኑ የጋለ፣ ማታው የታፈነ ነው፤ ያለ ወሬም ብዙ ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ቴርሞሜትሩን አብረው ሲያዩ ትከሻው ትከሻዋን ነካ፤ ሁለቱም ቁጥሩን ለማንበብ ከሚያስፈልገው በላይ ቆዩ። የቤት አከራይዋ ጀውሀራ ልብስ እያሰጣች አየቻቸውና ፊቷን ወደ ገመዱ መለሰች።

አንድ ዓርብ አመሻሽ ሉቃስ ስልኩን እንደ ጨበጠ ገባ።

«እናቴ ታማለች። ቦር ልሄድ ነው፤ ነገ ጠዋት በነጭ ዓባይ የሚሄድ ጀልባ አለ።»

«በመኪናስ?»

«መንገዱ ላይ ሰሞኑን ተኩስ አለ ይላሉ። አውሮፕላኑም ሞልቷል።»

ማናህሎሽ ወደ ሳጥኑ ሄደች። የባሮሜትሩ ቀስት ከቀትር ወዲህ ወርዷል፤ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ማዕበል ይከተላል። በምሥራቅ በኩል ጥቁር ደመና ተቆልሏል። ባለፈው ወር በእንዲህ ያለ ቀን የወጣ ጀልባ ተገልብጦ ሰው አልቋል።

«አትሂድ» አለችው። «ነገ ከባድ ዝናብ ነው የሚመጣው። በሰኞው ጀልባ ትሄዳለህ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ቀስቱ ከዚህ በታች ወርዶ ምንም ሳይመጣ የቀረበት ቀን እንደነበረ ታውቃለች። ሉቃስ በበሩ ብርሃን ውስጥ ቆሞ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«እርግጠኛ ነኝ» አለች።

ቅዳሜ አብረው ዋሉ። ዝናቡን እየጠበቁ ሻይ ጠጡ፤ ስለ ጋምቤላ ማንጎ፣ ስለ ዲላ ጭቃ አወሩ። እኩለ ቀን ላይ ነፋስ ሽው ሲል «ይኸው መጣ» ብላ ተነሣች፤ ያኔ እጇን ያዘ፤ መልሶም አልለቀቀውም። ነፋሱ አቧራ አንሥቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ደመናው እንደ ጥጥ ተበጣጥሶ ጠፋ፤ ፀሐይዋም ወጣች።

«አልመጣም እኮ!» አለ ሉቃስ እየሳቀ። ሲመሽ ግን አልሳቀም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠው ሳለ የሉቃስ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። ወጥቶ ቆየ። ማናህሎሽ ተከትላው ስትወጣ ግንቡን ተደግፎ አገኘችው።

«አረፈች» አላት።

ልትይዘው እጇን ዘረጋች። ቀስ ብሎ ፈቀቅ አለ፤ የተቆጣ አይመስልም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ሰኞ ጎህ ሲቀድ የሉቃስ ግቢ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማች። ከአጥሩ በላይ የጠየቃት የለም።

ሙቀቱ ተመልሶ መጣ። ማናህሎሽ ጓሮ መውጣት ተወች። መጋዘን ትገባለች፣ ትወጣለች፤ የበላችውን አታስታውስም። ሰው ሲያናግራት አንድ ጥያቄ ብቻ በውስጧ ይመላለሳል፦ ያን ቀን «እርግጠኛ ነኝ» ያሰኛት ቀስቱ ነበር ወይስ ልቧ?

ጀውሀራ አንድ ቀን ጠጋ አለቻት። «ሰውየው እናቱ ሞቱበት አይደል? አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለቻት። ለቅሶ እንኳ እንዳልደረሰች ያኔ ነው የታወቃት።

ቦር የደረሰችው በሚቀጥለው ጀልባ ነው። ቤቱ ውኃ ለመከላከል ከተከመረው የአፈር ክትር አጠገብ ነበር፤ ሴቶቹ ኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት አሮጊት አክስት ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ኢታ ማራ ታ ሉቃስ?» አለቻት፤ የሉቃስ ሚስት ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

ማናህሎሽ ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለሁም። ግን ተጠግተው ቦታ ሰጧት፤ ተቀምጣም አለቀሰች። ያለቀሰችው ለማታውቃቸው ሴት ብቻ አልነበረም።

ሰው ሲቀንስ ሉቃስ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከስቷል።

«ልነግርህ የመጣሁት ነገር አለ» አለች። «ያን ቀን እርግጠኛ አልነበርኩም። እንድትቀር ፈልጌ ነው። ማዕበሉንም ፈርቼ ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን ብቻዬን መዋል ሰልችቶኝ ነበር።»

ሉቃስ ከምንጣፉ ጫፍ የተተረተረ ክር ጎተተ።

«አውቄያለሁ» አለ። «እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬ ስጠይቅሽ ፊትሽን እያየሁ ነበር። አውቄም ቀረሁ። እኔም መቅረት ፈልጌ ነበር፤ አንቺ ምክንያቱን ሰጠሽኝ። ስሸሽሽ የከረምኩት አንቺን ጠልቼ አይደለም። ያ ቅዳሜ በሕይወቴ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ቀን ነው። እናቴ እየጠራችኝ እያለ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንን የት ላድርገው?»

ማናህሎሽ ወደ እሱ ዞረች። «እኔም የት እንደማደርገው አላውቅም» አለች። እስኪመሽ ተቀመጡ፤ አንዳቸውም ከሌላው አልራቁም።

ሁለት ታናናሽ እህቶች አሉት፤ ሌላ የሚይዛቸው ስለሌለ ሉቃስ ቦር ቀረ። ማናህሎሽ ወደ ጁባ ተመለሰች። ክረምቱን ሙሉ በስልክ ቆዩ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ እሷ ስታወራ እሱ አይሰማም፤ «ሃሎ? ሃሎ?» እያሉ ግማሹን ሌሊት ይጨርሳሉ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ከቀድሞው የባሰ ባዶ ይሆንባታል። ቀድሞ ብቸኝነቷ ፊት አልነበረውም፤ አሁን የሉቃስን ፊት ይዟል።

አንድ ቀን መስመሩ ጥርት ባለ ጊዜ፣ «ነይ ለማለት አልደፍርም» አላት። «እዚህ ውኃ አለ፤ ትንኝ አለ፤ ሌላ ምንም የለም።»

«አንተ አለህ» አለችው።

እናቷ ከዲላ ደውለው አለቀሱ። «አገር ውስጥ ወንድ ጠፋ? ጁባ ራቀ ስል ጭራሽ ቦር?»

«እማዬ፣ እኔ ጁባ ብቻዬን ነው የኖርኩት። አንቺ አታውቂም እንጂ፣ ብቻዬን ነው የኖርኩት።»

«ይጸልያል?» አሉ እናቷ።

«ይጸልያል።»

«እንግዲህ ሠርጉን ዲላ መጥታችሁ ነው የምታደርጉት።»

አለቃዋ የዝውውር ማመልከቻዋን ሁለቴ አነበበው። ቦር ያለውን ቅርንጫፍ ለምኖ የጠየቀ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመውም።

በተዛወረችበት ቀን ጀልባው ሞተሩ ተበላሽቶ ሲጎተት ዘገየ። ቦር ዳርቻ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሉቃስ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበት ቆሟል፤ እህቶቹ ከኋላው በሻንጣዎቿ ብዛት እየተንሾካሾኩ ይስቃሉ። ጫማውን ሳያወልቅ ውኃው ውስጥ ገብቶ እጁን ዘረጋላት።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ» አላት።

«ፀሐዩ አልጎዳህም?»

«ጎድቶኛል። ርቦሻል?»

«በጣም» አለች፤ እጁን ይዛ ወረደች።