ከወህኒ የወጣው ሸሚዝ

ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከወንዙ የሚነሣው ጭጋግ እስከ ረፋድ ድረስ የከተማይቱን ጣሪያዎች ሸፍኖ ይውል ነበር፤ ከጭጋጉ በላይ ብቅ ብሎ የሚታየውም አገረ ገዥው የሚያሠራው የአዲሱ አዳራሽ ግንብ ብቻ ነበር። አገረ ገዥው አዳራሹ በጋው ሳይገባ አልቆ መመረቅ አለበት ብሎ ስለ ቆረጠ፣ ድንጋይ ጠራቢውም ግንበኛውም አናጢውም ዝናብ እየወረደበት ይሠራ ነበር። አንድ ሰኞ ጧት የሰሜኑ ግድግዳ የእንጨት መወጣጫ እላዩ ላይ ከቆሙት ሰዎች ጋር ተደረመሰና ሦስት ግንበኞች ሞቱ። የቀሩት የጓደኞቻቸውን ሬሳ ከፍርስራሹ አወጡ፤ መሣሪያቸውን መሬት ላይ አኖሩ፤ ወደ ሥራም አልተመለሱም።

በማግሥቱ ወታደሮች መጥተው ከሠራተኞቹ መካከል ሰው እየለዩ ወሰዱ። ወዴት እንደ ወሰዷቸው የሚናገር አልነበረም፤ ከአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት የወጣው አዋጅም “በከተማችን የታሰረ ሰው የለም፤ ሥራውም ለጊዜው የቆመው በዝናቡ ምክንያት ነው” የሚል ነበር።

ከተወሰዱት አንዱ ባልደረቦቹ “ውሃ ልክ” እያሉ የሚጠሩት ግንበኛ ነበር። ስሙ የወጣለት በሥራው ብቻ አይደለም፤ እቤቱም ምግብ ሲቀርብ ጠረጴዛው ዘመመ ብሎ እግሩ ሥር ስባሪ ሸክላ ሳይወትፍ አይበላም ነበርና፣ እናቱ “ሾርባው ቀዘቀዘ፤ ጠረጴዛውን በኋላ ታቃናዋለህ” እያለች ትቆጣው ነበር። ታላቅ እህቱ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ የስፌት መኪናውን ተረክባ፣ በገበያው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል የምትሠራ ልብስ ሰፊ ነበረች። ንግግር አታበዛም፤ አንዴ የያዘችውን ግን አትለቅም።

ሰፊዋ በመጀመሪያ የሄደችው ወደ ከተማው ዘበኞች ጣቢያ ነበር። ተረኛው ሹም ከወንበሩ ሳይነሣ፣ “አዋጁን አልሰማሽም እንዴ? የታሰረ ሰው የለም” አላት።

“ሰምቻለሁ ጌታዬ” አለችው፤ “እኔ ግን አዋጁን ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት፤ ወንድሜን ልጠይቅ ነው።”

ሹሙ በእጁ ወደ በሩ አመለከታት። እርሷም ከደጃፉ ማዶ ቆማ ዋለች፤ በዚያ በር ምግብ የያዘ ሰው ሲገባ ስላላየች፣ የታሰረ ሰው ካለ ሳይበላ አይውልም ብላ አስባ ተመለሰች። በማግሥቱ የፍርድ ቤቱን ጓሮ እንዲሁ ስትጠብቅ ዋለች፤ በዚያም አንድ የተጋደመ ውሻ ብቻ አየች። በሦስተኛው ቀን በወንዙ ዳር፣ በቀድሞ ዘመን የእህል ግምጃ ቤት ወደ ነበረው ወህኒ ስትወርድ፣ በጋሪ የተጫነ ዳቦ ወደ ውስጥ ሲገባ አገኘች። ዳቦው ለጥቂት ዘበኞች የሚበዛ ነበር።

በሩን የሚጠብቀው ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ዘበኛ ነበር፤ ምንም ነገር ቢጠየቅ “አላየሁም” ከማለት ሌላ ስለማይመልስ፣ የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ “አላየሁም” ብሎ ይጠራው ነበር። ሰፊዋ የወንድሟን ስም ነግራው ከቤት ይዛ የመጣችውን የምግብ ቋጠሮ ስትሰጠው ግን ያለ ቃል ተቀበላት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሳህኑን ባዶ መለሰላት። ፊቷ ሲበራ ያየች፣ በዚያው የምትጠብቅ የአንድ ግድግዳ ለሳኝ ሚስት ወደ እርሷ ተጠጋች።

“እቱ፣ ገና አትደሰቺ” አለቻት፤ “ሳህኑ ባዶ ተመለሰ ማለት ሰው በላ ማለት እንጂ ያንቺ ሰው በላ ማለት አይደለም። እኔ ሁለት ቀን አመላልሼ ነው የገባኝ፤ ለካስ ዘበኞቹን ነው ስቀልብ የሰነበትኩት።”

ሰፊዋ አልሳቀችም፤ መንገዱን በሙሉ ነገሩን ስታወጣና ስታወርድ ሄደች። በማግሥቱም ከምግቡ ጋር የታጠበ ሸሚዝ ይዛ መጣች። “አባቴ፣ ይህን ይልበስና ያደፈውን ይላክልኝ፤ አጥቤ እመልሳለሁ” አለችው።

ሽማግሌው አላየሁም ሸሚዙን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ገባ፤ ቆይቶም አንድ የተጠቀለለ እድፋም ልብስ አምጥቶ ሰጣት። ከበሩ ራቅ ብላ ፈታችው። እጅጌው በኖራ ደርቋል፤ አንገትጌው ላይ ደም አለበት። ብብቱን ስትገለብጠው ግን ራሷ የሰፋችውን ድርብ ስፌት አየች፤ ወንድሟ ድንጋይ ሲያነሣ ብብቱ እየተቀደደ ቢያስቸግራት ለእርሱ ብቻ የምትሰፋው ስፌት ነበር። ሸሚዙን ደረቷ ላይ ይዛ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያም ወደ ቤቷ መሄዱን ትታ በቀጥታ ወደ ወህኒው አዛዥ ጽሕፈት ቤት አመራች።

የወህኒው አዛዥ በጦርነቱ የሻለቃነት ማዕረግ ያገኘ፣ ንግግሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ነበር። የግንበኛውን ስም ስትነግረው “እንዲህ የሚባል ሰው በእጃችን የለም” አላት። እርሷም ሸሚዙን ከጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

“ጌታዬ፣ ይህ ሸሚዝ ዛሬ ከእርስዎ በር የወጣ ነው፤ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ሸሚዙ እዚህ ካለ ሰውየው የት ሄደ?”

ሻለቃው ደሙን አየ፤ እርሷንም አየ፤ አልተቆጣም። ወንበር እንድትይዝ ጋበዛት። “ብልህ ሴት ነሽና በግልጽ ልንገርሽ” አለ፤ “አገረ ገዥው የሚፈልጉት አንድ ምስክር ነው። መወጣጫውን አበላሽቶ የሠራውም፣ ሠራተኛውን ያሳደመውም አብሮት የተያዘው አናጢ ነው ብሎ ወንድምሽ ቃሉን ቢሰጥ፣ በዚያው ቀን ከእናንተ ጋር ራቱን ይበላል። ነገ እንድታዪው እፈቅድልሻለሁ፤ ይህንኑ ንገሪው።”

ሰፊዋ ይህን ለእናቷ ስታጫውታት፣ አሮጊቷ “ይበል” አለች ወዲያው። “ይበልና ይውጣ። አናጢው የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ ይህ ግን የእኔ ልጅ ነው።” ነገሩ ሰፊዋንም ሳይፈትናት አልቀረም፤ እስከ ማግሥቱ ድረስ አንድ ልብስ እንኳ ቀንታ መስፋት አልቻለችም።

በማግሥቱ ወንድሟን ያገኘችው በእንጨት ርብራብ ለሁለት በተከፈለ ኮሪደር ውስጥ ነበር። አላየሁም በመካከላቸው ቆሟል። ግንበኛው ጺሙ አድጎ፣ ከግራ ዓይኑ ሥር የተመታበት ቢጫ ሆኖ ነበር፤ እህቱን ሲያይ ግን ጎበጥ ያለ ጀርባውን አቀና።

“እታለም፣ እንዴት አገኘሽኝ?”

“ሸሚዝህ ነገረኝ። ምግቡ ይደርስሃል?”

“ምን ምግብ? የደረሰኝ ሸሚዙ ብቻ ነው፤ እርሱም ለብሶ ለሞከረው ሰው እጅጌው ቢያጥረው ነው” አለና ወደ ዘበኛው አየ። አላየሁም ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዓይኑንም ወደ ጣሪያው አነሣ። ወንድምና እህት ከዚያ ሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

“እናታችንስ?”

“ደኅና ናት። ጠረጴዛው እንደ ዘመመ ነው፤ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።” ከዚያም ድምጿን ሳትቀንስ፣ “አሁን የተላክሁበትን ልንገርህ” ብላ የሻለቃውን ቃል አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ የእናታቸውንም መልስ ጨመረችለት።

“አንቺስ ምን ትያለሽ?” አላት።

“እንድትወጣልኝ እፈልጋለሁ፤ ይህን አልደብቅህም። ነገር ግን የመጣሁት ላስመሰክርህ አይደለም፤ ያለህበትን እንዳወቅን እንድታውቅ ነው። የቀረው የአንተ ነው።”

ግንበኛው ርብራቡን በሁለት እጁ ያዘ። “አናጢው እንጨቱ በስብሷልና አዲስ ይሰጠኝ ብሎ የሥራውን አዛዥ ሲለምን አጠገቡ ቆሜ ነበር” አለ። “በአሮጌው ሥራ ብሎ አዘዘው። ያሳደመንም ሰው የለም፤ ሬሳ ያወጣ እጃችን ተመልሶ ድንጋይ አላነሣ አለን እንጂ። ሰውየው ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው፤ ሲያስል እሰማዋለሁ። እያሳለ በእርሱ ላይ ልመስክርበት? እናቴን ይቅር በይኝ ብሏል በያት።”

“እነግራታለሁ” አለች እህቱ።

ሻለቃው መልሱን በሰማ ጊዜ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ዘመድ ከበሩ አያልፍም ብሎ አዘዘ። እናቷም ነገሩን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ ለብዙ ቀንም ከሰፊዋ ጋር አልተነጋገረችም። ሰፊዋ ግን በየሳምንቱ ንጹሕ ሸሚዝ ማስገባቷን፣ ያደፈውን ማስወጣቷን አልተወችም፤ ሽማግሌው አላየሁም “ሸሚዝን የሚከለክል ትእዛዝ አልደረሰኝም” ብሎ ይቀበላት ነበርና። እነዚያ ሸሚዞች ቃል አይናገሩም፤ እርሷ ግን ታነባቸው ነበር። የደም ምልክቱ ሲጠፋ ድብደባው እንደ ቆመ ዐወቀች፤ ቁልፉ ወድቆ ከጆንያ በተመዘዘ ክር ተተክሎ ሲመጣ ወንድሟ ተስፋ እንዳልቆረጠ ዐወቀች፤ አንገትጌው እየሰፋው መሄዱንም ከእድፉ መሥመር ስለ ተረዳች፣ የሚቀጥለውን ሸሚዝ ጠበብ አድርጋ ሰፋች። ይህን ያዩ ሌሎች ሴቶችም፣ የለሳኙ ሚስት መጀመሪያ፣ ለየራሳቸው ሰው ሸሚዝ ማስገባት ጀመሩ፤ ልብስ የሌላቸውን ሰፊዋ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፋች ረዳቻቸው። ደንበኞቿ ልብሳችን ዘገየ ብለው ሲያጉረመርሙ “የሚለብሱት ለሌላቸው ሰዎች ስል ነው፤ ታገሡኝ” ትላቸው ነበር።

አንድ ጧት ሰፊዋ ወደ ወንዙ ልትወርድ ስትነሣ እናቷ ልብሷን ለባብሳ፣ ሁለት የምግብ ቋጠሮ ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘቻት።

“ሁለተኛው ለማን ነው?” አለቻት።

“ለሚያስለው ሰውዬ” አለች አሮጊቷ፤ “ትኩስ ነገር ካልጠጣ ሳሉ አይለቀውም። ደግሞ ያ ዘበኛ ከበላው፣ እኔ ነኝ የማናግረው።”

ብርዱ በገባ ጊዜ ከመናገሻው የተላከ ተዘዋዋሪ የይግባኝ ዳኛ ወደ ከተማይቱ መጣ። ችሎቱን በአደባባይ ዘርግቶ የሕዝቡን አቤቱታ ሲሰማ፣ ሻለቃውና የአገረ ገዥው ጸሐፊ በቀኙ ቆመው ነበር። ሰፊዋ ተራዋ ሲደርስ ብቻዋን አልቀረበችም፤ ከኋላዋ ሴቶቹ ሁሉ ያላጠቧቸውን ሸሚዞች በእጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል።

“ክቡር ዳኛ” አለች፤ ድምጿ ከአደባባዩ ጫፍ ይሰማ ነበር፤ “በዚህች ከተማ የታሰረ ሰው የለም ተብሎ ታውጇል። ይህን ሸሚዝ ለወንድሜ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት ንጹሑን ወደ ወንዙ ዳር ወህኒ አስገባሁ፤ ትናንት እንዲህ ሆኖ ወጣልኝ። ሰው ያልለበሰው ልብስ በላብ አያድፍም። የለበሰውን ሰው ያሳዩኝ።”

ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ በዳኛው ጆሮ አንድ ነገር ተናገረ። ዳኛው እጁን አንሥቶ አስቆመው፤ ከሴቶቹ ወደ አንዷ ቀርቦ ሸሚዙን አየ፤ ቀጥሎም የሌላይቱን አየ። ከዚያም ችሎቱ ወደ ወንዙ ዳር ይዛወራል ብሎ በእግሩ ተነሣ፤ ሕዝቡም ተከተለው። በወህኒው በር ሲደርሱ አላየሁም የሻለቃውን ትእዛዝ ሳይጠብቅ መቀርቀሪያውን ስቦ ከፈተ።

ፍርዱ ሁሉን የሚያስደስት አልነበረም። አናጢው ጥፋት አልተገኘበትም ተብሎ በነጻ ተለቀቀ፤ ሳንባው ግን ተጎድቶ ነበርና በጋው ሳይወጣ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ። ውሃ ልክና ጓደኞቹ ሥራ በመተዋቸው ተፈርዶባቸው እስከ ቀጣዩ ክረምት ታሠሩ፤ ነገር ግን ዳኛው በየሳምንቱ ሐሙስ ዘመዶቻቸው እንዲገቡ፣ ምግባቸውንም በእጃቸው እንዲሰጧቸው አዘዘ። የሥራውን አዛዥ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀውም። አዳራሹም ከሌላ ቦታ በመጡ ግንበኞች ተፈጸመ፤ ግንበኛው ከወህኒ ሲወጣ የምርቃቱ ጭብጨባ ካበቃ ቆይቶ ነበር። ሥራውን ቀጠለ፤ ከፍ ባለ መወጣጫ ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣም።

በዚያ ዘመን የተጻፈው የከተማይቱ ዜና መዋዕል ስለ አዳራሹ ብዙ ገጽ ያወራል፤ የድንጋዩን መጠን፣ የመስኮቱን መስታወት፣ በምርቃቱ ቀን የተገኙትን ባለ ማዕረጎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የሞቱትን ግንበኞች አያነሣም። ስለ ወህኒው የጻፈው አንድ መሥመር ብቻ ነው፤ “አገረ ገዥውም ከርኅራኄአቸው ብዛት የእስረኞች ዘመድ በየሳምንቱ እንዲገባ ፈቀዱ” ይላል። ሰፊዋ ባረጀች ጊዜ አንድ የጎረቤት መምህር ይህን ቢያነብላት፣ እንዲደግምላት ጠየቀችውና በጽሞና ሰማች። “መፈቀዱ እውነት ነው” አለች፤ “መጠየቃችን ብቻ ነው የጎደለው።” ይህን ብላም መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አቅርባ ክር ማስገባቷን ቀጠለች።

ያ ወህኒ ከዚያ በኋላ ብዙ ገዥዎችንና ብዙ አዛዦችን አሳልፏል፤ የሐሙሱ ሰልፍ ግን አልቀረም። የቆሙት ሴቶች ቀኑ በማን እንደ ተገኘ አያውቁም፤ የሚነግራቸውም የለም። ዘበኛው በሩን ሲከፍት “ማንን ነው የምትጠይቁት?” ይላቸዋል፤ እነርሱም በየተራ ስም ይናገራሉ።