የላንቻው ወለል

«ቆርበቱን እስከ ጥግ ሳቢው» አሉ አቶ ጓንጉል። «ወለሉ ጨርሶ እንዳይታይ።»

ጥሩሐረግ በአሮጌው የጣሊያን መኪና፣ በላንቻው የኋላ በር አጎንብሳ የበሬውን ቆርበት ሳበች። ከሥሩ ያለው ብረት እንደ ደረቀ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። አባቷ አቶ ጓንጉል ከውጭ ሆነው የመኪናውን ገላ በሞራ ያሹ ነበር። ሞራው ከመጨረሻዋ ፍየላቸው የወጣ ነው።

ጎረቤታቸው እማዋይሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ጓንጉል፣ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትቀባም» አለች። አባቷ ማሸታቸውን ቀጠሉ።

መኪናውን አያቷ የገዙት ጣሊያን በወጣ ማግስት ነው። እሳቸው ሲሞቱ የሚነዳው ጠፋ። አቶ ጓንጉል የጨው ነጋዴ ናቸው፤ የቤታቸው ጣሪያ ያፈሳል፣ የመኪናው ግን አያፈስም። ስለዚህ በየክረምቱ ከአፋር የመጣውን አሞሌ ጨው በውስጡ ደርድረው ይቆልፉበት ነበር። ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ብረትን በዝገት ይበላል። ባለፈው ሳምንት ጥሩሐረግ ውስጡን ስትጠርግ ጣቷ ወለሉን የተሸከመውን ብረት በስቶ አለፈ።

በዚህ በስልሳ አምስቱ ድርቅ ጨው የሚገዛ የለም። ላንቻው ካልተሸጠ ቤተሰቡ ሕፃን እህቷን አዝሎ ለቀን ሥራ ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ ጥሩሐረግም የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን አትፈተንም።

ገዢው አቶ ወልደ ኢየሱስ ረፋዱ ላይ ከሾፌራቸው ጋር በላንድሮቨር ደረሱ። አስመራ ውስጥ አሮጌ መኪና እያደሱ የሚሸጡ ሰው ናቸው። መብራቶቹን ዳሰሱ፤ ኮፈኑን አነሱ፤ በሩን ዘግተው ድምፁን አዳመጡ።

«እንዲህ ያለው አስመራ እንኳ የቀረው አንድ ነው፤ እሱም ለመለዋወጫ ታርዷል» አሉ። «ደረቅ አገር መቀመጡ በጀው። ዝገት ከገባበት ግን ለእኔ ቁርጥራጭ ብረት ነው።»

«ዝናብ ነክቶት አያውቅም ጌታዬ» አሉ አባቷ።

ሾፌሩ ላንቻውን ከላንድሮቨሩ ጋር በሰንሰለት አሰረ። አቶ ወልደ ኢየሱስ ላንቻው ውስጥ ገብተው መሪውን ያዙ። «እስከ ኮረም ቀስ እያልን እንጎትተዋለን።»

ጥሩሐረግ የኮረምን መንገድ ታውቀዋለች። በአንድ በኩል ተራራ ነው፤ በሌላው በኩል ምንም የለም።

ሰውዬው በመስኮቱ ፈገግ አሉላት። «አጽድተሽ ነው የጠበቅሽኝ፣ ተባረኪ። ምን ታስቀምጡበት ነበር?»

አባቷ አዩዋት። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን ልመና ነው።

«አሞሌ» አለች። «የሥሩ ብረት አልቋል። አይሂዱበት።»

አቶ ወልደ ኢየሱስ ወርደው ከመኪናው ሥር በጀርባቸው ተንጋለሉ። አንድ ጊዜ ብረቱን በመፍቻ መቱ። ቀይ ዝገት ፊታቸው ላይ ረገፈ። ሲነሱ ለሾፌሩ ሰንሰለቱን በእጃቸው አመለከቱት፤ እሱም ፈታው።

ላንድሮቨሩ ከዓይን እስኪሰወር አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆሙ። አቶ ጓንጉል ሞራ የነካውን እጃቸውን በነጠላቸው አልጠረጉም።

«አባዬ» አለች ጥሩሐረግ፣ «ወደ ሁመራ ስንወርድ ሕፃኗን እኔ አዝላታለሁ።»