«የቶርኬል ስልክ»፦ ተገናኝቷል

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የማታምኑ ካላችሁ እዚሁ አቁሙ፤ ልለማመጣችሁ አልፈልግም። ሠላሳ ዓመት በጋዜጣ ዓምድ ላይ ከመላው ከተማ ጋር ስሟገት የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙ ተሰድቤአለሁ፣ ውሸታም ያለኝ ግን የለም።

ቀኑ እሑድ ነው። የኅዳር ወር አጋማሽ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል።

በሩቅ ሰሜን ባለችው ከተማዬ በሄርኖሳንድ በዚያ ወቅት ዘጠኝ ተኩል ማለት ጨለማ ማለት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ። ከዓርብ ወዲህ ከሰው ጋር ቃል አልተለዋወጥኩም። የዓርቡም ቢሆን ከዳቦ ሻጯ ጋር ነው... ያውም ጭቅጭቅ።

ልጄ ቱቫ ከምትኖርበት ከማልሞ ደወለች። የስልኬ ባትሪ ቶሎ ቶሎ እያለቀ አስቸግሮኝ መልእክት ልኬላት ነበር።

«አባዬ፣ ስልክህ ላይ የተመዘገቡትን የድሮ ዋይፋዮች ከዝርዝሩ አጥፋቸው።»

«ምን አደረጉኝ?»

«ስልክህ የሚያውቃቸውን ሁሉ በሄድክበት ይፈልጋል። በስማቸው እየጠራ። ‹አለህ? አለህ?› እያለ።»

«አንዱ ‹አለሁ› ቢለውስ?»

«ይገባል። ካወቀው አንተን አይጠይቅህም።» ሳቀች። «አይዞህ፣ ላንተ ስልክ ማን ይመልስለታል? የተጣላሃቸው ሰዎች ዝርዝር እኮ ነው!»

አብሬያት ሳቅኩ። ስልኩ ሲዘጋ ሳቄም አብሮ ተዘጋ።

ዝርዝሩን ከፈትኩ። ልጅቷ አልዋሸችም።

የጋዜጣው ቢሮ። በሩን አላትሜ የወጣሁበት። ሰረዝኩት።

የመዘምራኑ አዳራሽ። መሪዋ የሙዚቃ ጆሮ የላትም ብዬ የተባረርኩበት። ዛሬም የላትም። ሰረዝኩት።

የቀድሞ ባለቤቴ የዮርዲስ ቤት። ጣቴ ትንሽ ቆየ... ሰረዝኩት።

አሥራ አንድ ስሞች። ዳግም የማልገባባቸው አሥራ አንድ ቤቶች። ከእያንዳንዱ ሥር ያው ጽሑፍ፦ «በአቅራቢያ የለም»።

አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።

«የቶርኬል ስልክ»።

ከሥሩ የተጻፈው ሌላ ነበር።

«ተገናኝቷል»።

አንድ የሲግናል ጭረት... ደካማ።

ቶርኬል ታናሽ ወንድሜ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጫካ ውስጥ ባለችው የበጋ ቤታችን ኢንተርኔት ስላልነበረ ከስልኩ ያካፍለኝ ነበር። በዚያው ዓመት የወላጆቻችንን ጫካ ለዛፍ ቆራጮች ሸጠ። እኔም ስሙን ጠርቼ በጋዜጣ ጻፍኩበት። ከጻፍኩት ሁሉ ለስላሳው ቃል «ስግብግብ» ነበር።

ባለፈው ጥር ደጄ ድረስ መጣ።

በዚህ ሕንፃ ውስጥ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው ደንብ አለ። ደረጃው ላይ ሰው ካለ በር ጀርባ ቆመን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፣ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ጎረቤትን ሰላም ከማለት ይሻላል። ለወንድሜም እንደዚያው አደረግኩ። በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት እያየሁት ቆምኩ።

«ሲቨርት፣» አለ። «መብራትህ ይታያል እኮ።»

አልከፈትኩም።

ሩብ ሰዓት ጠብቆ ሄደ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ልቡ ቆመ።

አሁን ደግሞ «ተገናኝቷል» ይለኛል።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ከሕንፃው ባለጌዎች አንዱ እየቀለደብኝ ነው አልኩ። ግን የይለፍ ቃሉስ? የአባታችን ጀልባ ስም ነው። በሕይወት ካሉት ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም።

የቤቴን ዋይፋይ ከግድግዳው ነቀልኩት። ስልኩ ምንም አልመሰለውም። ለመፈተን ብዬ የጋዜጣውን ገጽ ከፈትኩ።

ወዲያው ተከፈተ።

ገጹ ላይ ያለውን ቀን አየሁት። ጥር አሥር። ቶርኬል ደጄ ላይ የቆመበት ቀን።

ሚስቱ ሶልቬይ ጋ ደወልኩ። የምትኖረው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቃ ነው።

«ሲቨርት ነኝ።»



«የቱ ሲቨርት?» አለች፣ አሳምራ እያወቀች።

«የቶርኬል ስልክ የት ነው?»

«ለቀብሩ ያልመጣኸው ለስልኩ መጣህ?»

«ሶልቬይ... እባክሽ። እይልኝ።»

መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ።

«ይኸው። ጠፍቷል። ከቀብሩ ወዲህ ቻርጅ ተደርጎ አያውቅም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ፈርሜ ልላክልህ? ጋዜጣ ላይ እንድታወጣው?»

ስልኬን ከጆሮዬ ነጠል አድርጌ አየሁት።

ሁለት ጭረት።

«ሲቨርት፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንግዳ አለብህ እንዴ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ ክፈትለት እንጂ። እያንኳኳ እኮ ነው።»

ጆሮዬን አቆምኩ። ቤቱ ጭር ብሏል።

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«ያን ጊዜም አልሰማህም ነበር?» አለች። «ያን ቀን ሲመለስ ‹ቤት አልነበረም› አለኝ። ሲዋሽ ደግሞ ጆሮው እንዴት እንደሚቀላ ታውቃለህ።»

ዘጋችው።

ሦስት ጭረት።

በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ወደ በሩ ሄድኩ። ዓይኔን መስታወቷ ላይ ለጠፍኩ።

የደረጃችን መብራት ሰው ሲያልፍ ብቻ ነው የሚበራው። ከታች በኩል ብርሃን ፈነጠቀ... ቆየና ከፍ አለ... ከዚያ የእኔ ፎቅ በራ።

ማንም የለም።

የእግር ኮቴም አልነበረም። ሰው ካልተንቀሳቀሰ መብራቱ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ቆጠርኩ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስት።

አልጠፋም።

አራት ጭረት። ሙሉ።

አውራ ጣቴ «ሰርዝ» የሚለው ላይ ነው። አንዴ ብጫነው ያበቃል። ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። እኔም እንደ ጥሩ የሕንፃው ነዋሪ በር ጀርባ ቆሜ፣ ትንፋሼን ውጬ... ሁለተኛ ጊዜ አሳልፈዋለሁ።

«ቶርኬል?» አልኩ በሹክሹክታ።



ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።

«ጥፋቱ...» አልኩ።  «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስሙን ሳልሰርዝ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ቁልፉን አዞርኩ። ከፈትኩ።

ደረጃው ባዶ ነበር።

ደጄ ላይ ባለው ምንጣፍ ግን አንድ ጥንድ ቦት ጫማ አለ፤ ያን የጥር ቀን ቶርኬል ያደረገው። ክሩ ተፈትቷል። ሰው ቤት ሊገባ ያለ እንግዳ እንደሚያደርገው ጎን ለጎን ተደርድሯል፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አዙሮ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ በረዶ ለብሷል። አልቀለጠም።

በከተማችን ያን ክረምት በረዶ ገና አልጣለም ነበር።

መብራቱ ጠፋ።

ከኋላዬ... ወጥ ቤቴ ውስጥ... ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

ትንሽ ቆየና፣ ሁለተኛው ወንበር ተሳበ... ለእኔ።