ከውስጥ የተዘጋው መስኮት

«ስትዘጋው በዓይንሽ አይተሻታል?» አለ ሳጅኑ፣ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ።

«አዎ» አለች ልጅቷ።

ሳጅኑ ጻፈ። እሷም ከፊቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እጁን ተከታተለች። «በርጩማ ላይ ቆማ መስኮቱን ስትዘጋ አይቻለሁ» ይላል ጽሕፈቱ። ግማሹ እውነት ነበር። ጓደኛዋ ድምቡሽ በርጩማው ላይ ቆማ ነበር፤ እጆቿም ወደ መስኮቱ ተዘርግተው ነበር። ግን ከመስኮቱ በላይ ባለው ምስማር ላይ ክር ስትሰቅል እንጂ መስኮቱን ስትዘጋ አልነበረም። «ስትዘጋ» የምትለዋን ቃል ዓይኗን በጨው አጥባ የጨመረቻት ራሷ ናት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አሁን ወረቀት ላይ ሰፍራለች፤ ከሥሯም እንድትፈርም ተደረገች።

የሰፈሩ ልጆች «ኢንስፔክተር» ነው የሚሏት። ስድስተኛ ክፍል እያለች የትምህርት ቤቱ ደወል መምቻ ብረት ጠፍቶ ተማሪው ሁሉ ሦስት ቀን እንደ ልቡ ሲያረፍድ፣ ብረቱን ያገኘችው እሷ ነበረች፤ የዘበኛው አልጋ አንድ እግሩ ተሰብሮ በእሱ ተደግፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ዶሮ እንኳ ሲጠፋበት እሷን ነው የሚያስጠራው። እትዬ ሞተው ሲገኙም የጎረቤት ጸጉር አስተካካይ ለሳጅኑ፣ «ያቺን ልጅ ጠይቃት፤ ቅዳሜ ከመንገዱ ማዶ ተገትራ ሱቁን ስታይ ነበር» ብሎ ጠቆመው።

እትዬ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የከተማዋን ተማሪ በሙሉ ዩኒፎርም የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ። ከሰል በተያያዘ ቁጥር ደግሞ ከስፌት መኪናቸው በላይ ያለችው መስኮት፣ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ፣ ተከፍታ ነው የምትውለው። «ከሰልን ማን ያምነዋል» ይሉ ነበር። እሑድ ጠዋት ግን ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። ሐኪሙ የከሰል ጢስ ነው የገደላቸው አለ። በሩ ገጥሞ፣ መስኮቷም ተዘግታ፣ ስንጥቋ ሁሉ በጨርቅ ቁርጥራጭ ተወትፎ ነበር፤ ያውም ከውስጥ።

እትዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በርጩማ ላይ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል። የሚወጣላቸው ሰው ረዳታቸው ድምቡሽ ብቻ ናት። ድምቡሽ ደግሞ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስወጣ መስኮቱ ክፍት ነበር» ብላ ድርቅ አለች። በዚያ ላይ ጸጉር አስተካካዩ ልክ በዚያ ሰዓት እትዬ ሲጮኹባት ሰምቷል። ከተማዋ ፍርዷን ለመስጠት ሁለት ቀን አልፈጀባትም።

ኢንስፔክተር ለምን እንደዋሸች የጠየቃት የለም። ቢጠይቋትም አትናገርም፤ ሆድ ይፍጀው። ባለፈው ዓመት ሁለቱም ስፌት ለመማር እትዬ ዘንድ ሄደው ነበር። ሐሳቡ የእሷ ነበር፤ ድምቡሽን እጇን ይዛ የወሰደቻትም እሷ ናት። እትዬ ለሁለቱም ክንድ ክንድ ጨርቅ ሰጥተው ጠርዙን በእጅ እንዲሰፉ አዘዟቸው። ኢንስፔክተር በግማሽ ሰዓት ጨርሳ አስረከበች። ድምቡሽ እየፈታች፣ መልሳ እየሰፋች፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጨረሰች። እትዬ ሁለቱንም ጨርቆች አገላብጠው አዩና፣ «አንቺ ዓይንሽ ጎበዝ ነው ልጄ፤ እጅሽ ግን ይቸኩላል» አሏት። ድምቡሽን ግን «ነገ ነይ» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ «እትዬ እንዲህ አሉኝ»፣ «እትዬ እንዲህ አሳዩኝ» ሆነ። ድምቡሽ ለክፋት አልነበረም የምታወራው። የልቧን የምታጫውታት ሌላ ጓደኛ ስለሌላት ነው። ኢንስፔክተር እየሰማች «ጎበዝ» ትላለች። ቀንታ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መንገድ የሚያስተካክለው ግሬደር በሚያስነሳው ቀይ አቧራ ውስጥ እየሳለች፣ ከመንገዱ ማዶ ቆማ በዚያች መስኮት የሚወጣውን የሁለቱን ሳቅ ታዳምጥ ነበር።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድምቡሽ ከቤታቸው በር ላይ ጠቀሰቻት። ዓይኗ አብጧል።

«ክፍል ውስጥ ምን ይላሉ?» አለቻት።

«ምንም» አለች ኢንስፔክተር። ዴስካቸው ላይ አንዱ በጠመኔ «ገዳይ» ብሎ ጽፎ ነበር።

«ተይ አቦ፣ ሙድ እየያዙብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ሰው መስኮቱን ስዘጋ አየኋት ብሏል አሉ። ማን እንደሆነ ሳጅኑ አልነግርሽም አለኝ። ነገ ጠዋት ወደ ትልቁ ጣቢያ ሊወስደኝ ነው። አባዬ ከትላንት ጀምሮ አላናገረኝም።»

«እሺ ከእትዬ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«እኔ ምን አውቄ! ቁጭ ብዬ ስሰፋ ድንገት ‹ተነሽ ውጪልኝ፣ ዛሬ ዓይንሽን ማየት አልፈልግም› አሉኝ። ደሞ የሚገርምሽ፣ እየጮኹብኝ ሳቃቸው የመጣ ይመስል ነበር። ምን እንዳጠፋሁ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «በናትሽ አንቺ አጣሪልኝ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ፣ ጀለሴ?»

ኢንስፔክተር መሬት መሬት እያየች «እሺ» አለች። ሐቁን ለመናገር፣ እሺ ያለችው ለጓደኛዋ ብላ አልነበረም። ድምቡሽ እውነትም ጥፋተኛ ሆና ብትገኝ፣ እሷ የፈረመችበት ውሸት ውሸት መሆኑ ይቀርላት ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ ቦርሳዋን እንኳ አላስወረደቻትም። «የእትዬ እህት ሱቁን ባዶ እያደረጉ ነው። ሂጂና ለስፌት የሰጠሽውን ጉርድሽን አምጪ። እግረ መንገድሽን አግዣቸው፤ ብቻቸውን ናቸው።»

የእትዬ ታናሽ እህት ወለሉ ላይ ተቀምጠው የፈሰሰ አዝራር ይለቅማሉ። ጓሮ ያቀጣጠሉት የቆሻሻ እሳት ይጨሳል። «እስቲ ያንን መስኮት ክፈቺልኝ ልጄ፣ ቤቱ ታፈነ። ሳጅኑ ፎቶ አንስቶ ስለጨረሰ መንካት ይቻላል ብሏል» አሏት።

በርጩማው ላይ ወጣች። የተወተፉትን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ መዘዘቻቸው። ነጭ ጨርቅ ነው፤ ጠርዙ ሁሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ በጥርሳሙ መቀስ ተቆርጧል። ያንን መቀስ እትዬ ለማንም አያስነኩም፤ ድምቡሽ ስንት ጊዜ አማርራለች። የመስኮቱ አረንጓዴ ቀለም ደግሞ እዚህም እዚያም ተፍቋል፣ አንዳች ነገር እንደተጠቀጠቀበት። ወደ ታች ስታይ እትዬ ጨርቅ የሚለኩበት የሜትር እንጨት ከስፌት መኪናው ጋር ተደግፏል። ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል።

ወርዳ በእትዬ ወንበር ላይ ተቀመጠችና እንጨቱን ወደ ላይ ዘረጋችው። መስኮቷ ላይ ደረሰ። በርጩማ ላይ መውጣት ለካ አላስፈለገም።

«እንጨቱን ግን ማንም ሊያነሳው ይችላል» አለች በልቧ። ይህን በማሰቧ ቀለል አላት፤ ቀለል ስላላት ደግሞ አፈረች።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አሉ እህትየዋ። ከጠረጴዛው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሲፈቱት ነጭ ቀሚስ ነው። አንዱ እጅጌ ገና አልተጋጠመም፤ መርፌው ከነክሩ ተሰክቶበታል። «መነጽሬን ረስቻለሁ፤ ወረቀቱን አንብቢልኝ።»

እትዬ በሚሰፉት ልብስ ሁሉ አንገት ላይ የባለቤቱን ስምና ልክ የጻፉበት ወረቀት በስፒል ይሰካሉ። ኢንስፔክተር ወረቀቱን ነቀለችው። «ድምቡሽ። ለትምህርት ቤት መዝጊያ። እስኪያልቅ እንዳታየው» ይላል። ልክ አልተጻፈበትም፤ እትዬ የድምቡሽን ልክ በቃላቸው ያውቁታል ማለት ነው።

ሁሉም ነገር ባንዴ ተገለጠላት። ሱቁ ውስጥ ያለው ዩኒፎርም፣ መኪናው፣ መደርደሪያው ቀይ አቧራ ለብሷል። ቀሚሱ ላይ ግን አንዲት ነጥብ የለችም። ቁርጥራጩን ጥቅሉ ውስጥ ካለው የቀሚሱ ጨርቅ ትራፊ ጋር አስተያየችው፤ ጥርሱ ገጥሞ ተቀመጠ። እትዬ ድምቡሽን በሐሰት ተቆጥተው አባረዋታል። ከዚያ ነጩን ጨርቅ አውጥተው ቆረጡ። ግሬደሩ በመስኮቱ ሥር ሲመላለስ አቧራው እንዳያበላሽባቸው በሩን ገጥመው መስኮቱን በእንጨቱ ገፍተው ዘጉ፤ በዚያው በትራፊው ወተፉት። ካውያው እየነደደ ነበር። ለዚህ ቀሚስ ሲሉ ሠላሳ ዓመት የተጠነቀቁትን ለአንድ ቀን ረሱት። ድምቡሽ በነበረችበት ሰዓት ቁርጥራጩ ራሱ አልነበረም።

መጀመሪያ የተሰማት ጸጸት አልነበረም። ቅናት ነበር። ሰው በሞተ ሰው ፍቅርም ይቀናል ለካ። የራሷን ጉርድ ከክምሩ ውስጥ ፈልጋ አየችው። «የአናጢው ልጅ። ወገብ 64፣ ቁመት 70» ይላል ወረቀቱ። ገለበጠችው። ከጀርባው ባዶ ነው። «ኢንስፔክተር» እንኳ አላሏትም።

«ምን ይላል?» አሉ እህትየዋ። «የማን እንደሆነ ካልታወቀ ለወንድሜ ልጅ ልውሰድላት፤ ልኳ ይመስለኛል። ያንን ቁርጥራጭ ደግሞ እሳቱ ውስጥ ጨምሪው፣ ቤቱን አያጣብብ።»

አንዲት ብጣሽ ወረቀትና አንድ እፍኝ ትራፊ ጨርቅ እጇ ላይ አሉ። እሳቱ ከጓሮ በር አምስት እርምጃ ነው። ብትጥላቸው ድምቡሽ ነገ ወደ ትልቁ ጣቢያ ትሄዳለች፤ ቀሚሱንም አትለብሰውም፤ እትዬም ምን ያህል እንደወደዷት ሳታውቅ ትኖራለች። ባትጥላቸው ሳጅኑ ያንን የተፈረመ ወረቀት አውጥቶ «ታዲያ አንቺ ምንድን ነው ያየሽው?» ይላታል። እስከ ጓሮ በር ድረስ ሄደች። የእሳቱ ወላፈን ፊቷን ሲነካት ቆመች። ቀሚሱን ጠላችው። ግን ድምቡሽ አፍንጫዋን በእጅጌዋ የጠረገችው ከፊቷ አልሄድ አላት።

ተመለሰች። «የድምቡሽ ነው» አለች።

የእህትየዋ ፊት ጠቆረ። «የዚያች ልጅ?»

«እትዬ ተደብቀው የሰፉላት ነው። መስኮቱንም የዘጉት እሳቸው ናቸው፣ አቧራው ነጩን እንዳያቆሽሽባቸው።» እንጨቱን፣ ቁርጥራጩን፣ ወረቀቱን አሳየቻቸው።

እህትየዋ ቀሚሱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የተሰካውን መርፌ ዳሰሱ። «ነጭ ሲቆሽሽባት እኮ አትወድም፣ ከልጅነቷም» አሉ በመጨረሻ፤ እንባቸው መጣ። ቆይተው ደግሞ ቀና አሉ። «ታዲያ ስትዘጋ አየኋት ያለው ሰው ምን ቆርጦት ነው? እኔ እኮ ለለቅሶ ስትመጣ ከበር መልሻታለሁ።»

ኢንስፔክተር የሜትር እንጨቱን አነሳች። «ሁሉንም ለሳጅኑ ላድርሰው?» ብቻ አለች። እህትየዋ ቀሚሱን በጋዜጣው መልሰው ጠቀለሉላት።

መንታ መንገዱ ላይ ስትደርስ ወደ ቀኝ ፖሊስ ጣቢያው ነው። ሳጅኑ ይቆጣል፤ ግን ለአንድ ሰዓት ነው። ድምቡሽም ነገሩን ከእሱ ትሰማለች፤ እሷ ፊቷን ሳታይ ያልፋል። ይህ ይቀላት ነበር። ትንሽ ቆመችና ወደ ግራ ታጠፈች።

በሩን የከፈተችው ራሷ ድምቡሽ ናት። የሜትር እንጨቱንና ጥቅሉን ስታይ ዓይኗ በራ። «ደርሰሽበታል! ፊትሽ ይናገራል። በናትሽ ንገሪኝ፣ ማን ነው ያየኋት ያለው?»

ቀሚሱን አስቀድማ ብትሰጣት ድምቡሽ እያለቀሰች አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች። ከዚያ በኋላ ማን አፍ አለው? ኢንስፔክተር ጥቅሉን ደጃፉ ላይ አስቀመጠችውና ቀና ብላ አየቻት።

«እኔ ነኝ» አለች።