በላባ ላይ የቀረች ቀን

በሩን የከፈተችው ዓይኗ ያበጠ ሴት ሁዋሪያን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ «ዛሬ ወፍ አንሸጥም፣ እህቴ። ባለቤታቸው ሞቷል» አለቻት።

ሁዋሪያ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች። ሴትዮዋ ገንዘብ ልታወጣ መስሏት በሩን መዝጋት ስትጀምር፣ ከቦርሳው የወጣው የፖሊስ መታወቂያ ሆነ።

«የመጣሁት ለወፍ አይደለም» አለች ሁዋሪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስለ አባትሽ ነው።»

«ትናንት መጥታችሁ ሄዳችሁ። ሚሉድንም ወሰዳችሁት። ምን ቀራችሁ?»

ሁዋሪያ የቀራትን ነገር እሷም በውል አታውቀውም ነበር። በኦራን ከተማ ካናሪ የሚባሉ ዘማሪ ወፎችን በማርባት የታወቁት ሲ ቡዚያን ዓርብ ለጁምዓ ጸሎት ሳይመጡ ሲቀሩ፣ የወንድማቸው ልጅ ሚሉድና ጎረቤታቸው ሐጅ በንዓውዳ የሰገነቱን ክፍል በር ገንጥለው ገቡ። ሽማግሌው ግንባራቸው ተፈንክቶ በሩ ሥር ወድቀው ተገኙ። ሐኪሙ ሐሙስ ሌሊት እንደሞቱ፣ ምላሳቸውም እንደ እንጨት ደርቆ እንደነበር ተናገረ። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ሚሉድ እዚያው ሰገነት ላይ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። «ብትሞት አልቀብርህም» ነበር ያለው። እሱ በሩ ጭራሽ አልተከፈተልኝም ይላል። የፖሊሱ ኮሚሳር ግን አላመነውም። ወፎቹ ሐሙስ ዕለት ጠግበው፣ ውሃቸው ተቀይሮ ነበር። ወፎቹን ያበላ ሰው ደህና ሰው ነው፤ ደህና የነበረን ሰው ደግሞ ገፍቶ የጣለው አለ፣ ባይ ነው። ሚሉድ ዛሬ ከሰዓት ዐቃቤ ሕግ ፊት ይቀርባል።

ኸይራ፣ የሟቹ ልጅ፣ ሁዋሪያን ወደ ሰገነቱ አወጣቻት። የወፎቹ ቤቶች በክፍሉ ግድግዳ ውስጥ ተሰክተዋል። የፊታቸው ሽቦና የምግብ መሳቢያቸው ወደ ሰገነቱ፣ የጀርባቸው መዝጊያ ደግሞ ሽማግሌው ወደሚተኙበት ክፍል ነው። የክፍሉ በር ሲሳብ ራሱን የሚቆልፍ ነበር፤ ቁልፉም የተገኘው ከሟቹ ኪስ ነው። ሁዋሪያ ጎንበስ ብላ የተገነጠለውን በር አየችው። በውስጥ በኩል፣ ከወለሉ አንድ ክንድ በማይሞላ ከፍታ ላይ፣ ቀለሙ በጥቃቅኑ ተፈርፍሯል።

ኸይራ ሳትጠየቅ ስለ ጠቡ ነገረቻት። አምና ሁለቱም ለስላሳ ላባ ያላቸውን ወፎች አባቷን ሳታስፈቅድ አጋባች። ለስላሳ ላባ ያለው ደረቅ ላባ ላለው እንደሚዳር ታውቃለች፤ ግን ትልልቅና ውብ ጫጩቶች አማሯት። ጫጩቶቹ አደጉ፤ ዘንድሮ ግን አዲሱ ላባቸው ቆዳቸውን ቀዶ መውጣት አቅቶት ከውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ፤ ክንፋቸው ላይ ሽምብራ የሚያህል እባጭ ሆነ።

«‹ከእንግዲህ እጅሽ ወፎቼን እንዳይነካ› ብሎ ማለ» አለች። «ፍራሹን ይዞ እዚህ ወጣ። ምሳውን በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ሳይነካ ይመለሳል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከተጣላን ወዲህ። ዳቦውን ራሱ ነው የሚገዛው። ግን ደህና ነበር። ሐሙስ እንኳ ሰምቼዋለሁ፤ ዘር ይወቅጥ ነበር። ቀስ እያለ።»

«ወፎቹንስ ማን ያበላል?»

«ወፎቹ የሱ ናቸው» አለች ኸይራና ፊቷን አዞረች።

ሐጅ በንዓውዳ የመዳብ ሙቀጫ ታቅፈው ከጎረቤት ሰገነት ብቅ አሉ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ የተዋሱት ነው፤ ለሟች ቤት ሊመልሱት መምጣታቸው ነበር።

«ጠላቴ ነበር» አሉ። «ሙቀጫው ግን ምን አደረገኝ?»

ሁዋሪያ ስለ ወፎቹ ስትጠይቃቸው ፊታቸው በራ። «አርጅቶ ነበር፣ ልጄ። እስቲ የጫጩቶቹን ጀርባ እይው፤ ራቁት ነው። እናቲቱ ሌላ ጎጆ መሥራት ሲያምራት የጆንያ ክር በጀርባ መዝጊያው በኩል ይሰጣታል። ካጣች የልጆቿን ላባ ትነጫለች። ቡዚያን ይህን ይርሳ? ረቡዕ አይቼ ለብቻዬ ሳቅሁ።»

«አልነገሯቸውም?»

«ለምን ብዬ? የወፍ ውድድር አለብን እኮ።»

ሁዋሪያ ከወለሉ ላይ አንድ የተነጨ ላባ አንስታ ወደ ፀሐይ ያዘችው። መሐሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የነጣ መስመር ተጋድሞበታል። ለሐጅ አሳየቻቸው።

«ረሃብ ነው። ጫጩት እያደገ አንድ ቀን ካልበላ ያቺ ቀን ላባው ላይ ትቀራለች። አትፋቅም።»

ሁዋሪያ ሁለተኛውን ቤት አየች፤ ሦስተኛውን አየች። በእያንዳንዱ ጫጩት ጅራት ላይ ያው መስመር በዚያው ቦታ ነበር።

«ሐጅ፣ ከመስመሩ ወደ ሥሩ ያለው ለምን ደህና ሆነ?»

«ላባ ከሥሩ አይደል የሚያድገው? ከዚያ በኋላ በልተዋል ማለት ነው።»

«የትኛው ቀን ይመስልዎታል?»

ሐጅ ላባውን ከጥፍራቸው ጋር አለካኩት። «ሰኞ ግድም» አሉ። ከዚያ በኋላ አልሳቁም።

ሁዋሪያ ወደ ትለምሰን ከተማ ስልክ ደወለች። ሚሉድ ካለፈው ሳምንት ቅዳሜ እስከ ሐሙስ ጠዋት እዚያ ሲሠራ እንደነበር አሠሪው አረጋገጠላት። ስልኩን ዘግታ ለጥቂት ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሚሉድን የሚያስፈታው ቃል ሌላ ሰው ላይ እንደሚወድቅ ታያት። ሌላ የምትለው ነገር ፈለገች፤ አላገኘችም። ለኮሚሳሩ ደውላ እስረኛውን ይዞ እንዲመጣ ለመነችው።

ሁሉም ሰገነቱ ላይ ቆሙ። ሚሉድ እጁ በካቴና ታስሯል።

«ሲ ቡዚያን የወደቁት ሐሙስ አይደለም» አለች ሁዋሪያ። ማንንም አላየችም። «እሑድ ማታ ነው። ማንም አልገፋቸውም፤ ሚሉድም ከተማ ውስጥ አልነበረም። ሰኞ የሚያበላ ስለጠፋ ሁሉም ጫጩቶች በአንድ ቀን ተራቡ፤ ላባቸው ላይ አለ። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ሰው አብልቷቸዋል። ያ ሰው እሳቸው ቢሆኑ ክር ይሰጡ ነበር። ክር የሚሰጠው ከውስጥ ነው። ያበላው ከውጭ ነበር።»

ኮሚሳሩ፣ «ማን?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ኸይራ። «ማክሰኞ መሳቢያዎቹን ባዶ አገኘኋቸው። ሆን ብሎ የተወልኝ መሰለኝ። በመሐላው አፍሮ፣ በዚህ በኩል የታረቀኝ መሰለኝ። ሚሉድንም እኔ ነኝ ሄደህ አነጋግርልኝ ያልኩት።»

«መልስ ሳጣ የናቀኝ መስሎኝ ነው የጮህኩት» አለ ሚሉድ። «ከዚያ ውጭ ምንም አላደረግኩም።»

ሐጅ በንዓውዳ ሙቀጫውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ድምፁ ኸይራን አስደነገጣት። አየችው።

«ይህ ከየት መጣ?»

«እኔ ዘንድ ነበር፣ ልጄ። ካለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጀምሮ።»

ኸይራ ሙቀጫውን ትታ በሩን አየች፤ ቀለሙ የተፈረፈረበትን ቦታ። ሁዋሪያ ሟቹ በሩን ያንኳኩበት የብር ቀለበታቸው እንደተጣመመ መናገር ነበረባት። የተናገረው ግን ኮሚሳሩ ነው።

«ዘር የሚወቅጥ መስሎኝ» አለች ኸይራ። «ደህና ነው ብዬ ደስ አለኝ። ውሃ ይዤ ነበር እኮ። ለወፎቹ ውሃ ይዤ ነበር።»

ሚሉድ ወደ እሷ ተራመደ፤ እጁ ታስሮ ስለነበር ሊይዛት አልቻለም። የሚከሰስ ሰው አልነበረም፤ የሚጽናናም አልነበረም።

ሚሉድ በዚያው ምሽት ተፈታ፤ ኮሚሳሩም መዝገቡን በአደጋ ሞት ዘጋው። ኸይራ አንድ አሮጌ ጆንያ አንሥታ ክሩን ፈታችና፣ በተገነጠለው በር ገብታ በጀርባ በኩል በየጎጆው ለወፎቹ አስቀመጠችላቸው።